ልጃችን ኢኮኖሚክስ ልማር ቢለን

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ አንድ ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ «ኢኮኖሚክስ ልማር» ሲል፣ አባት ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፤ እናትም «ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ትምህርት ነው?» ትላለች። ሐኪሙን በመርፌው፣ መምህሩን በጠመኔው፣ መሐንዲሱን በድልድዩ እናውቀዋለን። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ግን የሚታይ መሣሪያ የለውምና ወላጅ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። በግ ተሽጦ የሚላክ ልጅ ወዴት እንደሚደርስ ማወቅ ይገባል። ስለዚህ በዚህ ወር ጥቂት ልንናገርበት ወደድን።

ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የቤት አስተዳደር ማለት ነው። እንግዲያስ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የደጋዋ እመቤት ገብሱን ለዘር፣ ለቀለብና ለገበያ ስትከፍል፣ የበጉን ጠጉር እንዲሁ ከመሸጥ ፈትሎ ባና አሠርቶ መሸጥ ይሻል እንደ ሆነ ስታመዛዝን፣ በልግ ቢቀር ብላ አንዱን ጎተራ ሳትነካ ስታቆይ፣ የምትሠራው ይህንኑ ነው። ዩኒቨርሲቲውም ይህንኑ ማመዛዘን ከቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ አገር አስፍቶ በሒሳብና በስታቲስቲክስ መመርመርን ያስተምራል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ እንደሚጎዳ አስረድተዋል። የጠጉሩና የባናው ነገር ከዚህ ምን ይለያል?

ከራሳችን አገር ሌላም ምስክር አለ። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚፈለግ ስለ ሆነ፣ የመንዝ ባለ ርስቶች በቄሮ ሥርዓት አለቃ መርጠው፣ ጓሳውን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ ብቻ ቀን ቈርጠው ይከፍቱት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ይሁን ሲባል ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ኋላ ግን ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቋመው። የጋራ ሀብት መጥፋቱ አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ነበሩ። አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ሰዎች ራሳቸው ባወጡት ሕግ ሊጠብቁት እንደሚችሉ ከብዙ አገር ምሳሌ ሰብስባ ስላስረዳች፣ በ2002 ዓ.ም. የኢኮኖሚክስን የኖቤል ሽልማት በማግኘት ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። የመንዝ ሽማግሌዎች በሥራ ያወቁትን እርስዋ በጥናት አጸናችው።

ትምህርቱን የፈጸመ ልጅ በባንክ፣ በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ በግብር፣ በፕላንና በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት፣ በገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊሠራ ይችላል፤ የገፋበትም መምህርና ተመራማሪ ይሆናል። ትምህርቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድም ግድ አይደለም፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በቅርባችን አለ።

ነገር ግን ወላጅን ማታለል አይገባንም። ዲግሪውን ይዞ ሥራ ሳያገኝ የሚቀመጥ ወጣት ብዙ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ሒሳብ የሚሰለቸው ልጅ በወሬ ብቻ ባይገባበት ይሻላል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ከመከልከላችሁ ወይም ከመፍቀዳችሁ በፊት አንድ ደብተር ስጡት። በመሐል ሜዳ ወይም በዓለም ከተማ ገበያ የሸጣችሁትንና የገዛችሁትን ለአንድ ዓመት ይጻፍ፤ በመጨረሻም ቤቱ በምን እንደ ተጠቀመና በምን እንደ ተጎዳ ያስረዳችሁ። ይህን በትዕግሥት ከፈጸመ፣ በጉ ቢሸጥለት አያስቆጭም።