አንድ መኝታ ቤት በሁለት ውል

አጭበርባሪ መሆኔን አስቀድሜ ልናዘዝ። የምኖርባትን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም የተከራየሁት በሁለት ውል ነው። አንዱ ተመዝግቦ ማኅተም ያረፈበት ሲሆን ኪራዩን 5 ሺህ ብር ይላል። ሌላው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ማኅተም የለውም፣ ግን እውነቱን ይናገራል፤ 12 ሺህ ብር።

ቤቱ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ አዲስ አበባ አልቃ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት። አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፣ አሳንሰር ብሎ ነገር የለም። ውሃ በጠፋ ቁጥር ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ መቁጠር ነው። ሥራዬ መገናኛ ስለሆነ ጎህ ሳይቀድ የታክሲ ሰልፍ እይዛለሁ። ለዚህ ነው እንግዲህ 12 ሺህ!

ደላላው፣ «ወንድሜ፣ ሕጉን ተወው፤ ቤቱን ከፈለግህ ዛሬውኑ ቀብድ ጣል» አለኝ። ሕጉንማ አውቀዋለሁ። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከ2 ዓመት ያነሰ ውል የለም ይላል። ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ አይጠየቅም፣ ኪራዩ በባንክ ይከፈላል፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ብቻ ነው። ሸጋ አዋጅ ነው፣ ሐሰት ምን ያደርጋል! እኔ ግን የ6 ወር ነው የከፈልኩት። የ2ቱን በባንክ፣ የ4ቱን በጥቁር ፌስታል። ውሉን የመዘገበችው ልጅ «5 ሺህ ነው አይደል?» ብላ ፈገግ አለች። እኛም ፈገግ አልን። ሦስታችንም እናውቃለን።

«ታዲያ ለምን አትከስም?» ትሉኝ ይሆናል። ማንን ልክሰስ? አከራዬ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። መሀል ከተማ የነበረው የቀበሌ ቤታቸው ለልማት ሲፈርስ ይህ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ለቀበሌ በወር ጥቂት ብር ይከፍሉ የነበሩት ሴትዮ የባንክ ዕዳ ተሸከሙ። እንጀራ ይሸጡበት የነበረው ሰፈርም ፈረሰ፣ ደንበኛውም ተበተነ። ስለዚህ ቤታቸውን ለእኔ አከራይተው እሳቸው ከልጃቸው ጋር አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተዋል። አከራዬ ራሳቸው ተከራይ ናቸው! የእሳቸው አከራይ ደግሞ ውል የሚባል ነገር አያውቅም፣ ደስ ሲለው ይጨምራል። ያኔ እትዬ እኔ ዘንድ ይመጡና ዓይኔን ሳያዩ፣ «ልጄ፣ ምን ላድርግ፣ እኔም ተጨመረብኝ» ይላሉ። እስቲ እኚህን ሴት የትኛው ችሎት ፊት ላቁም? ብከስስስ ማታ የት ላድር?

መንግሥት ኪራይ ሲቆርጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ወረሰ፣ ኪራይም ቀነሰ። ተከራይ እልል አለ። ከዚያስ? ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠግን ጠፋ፣ ለማከራየት ብሎ ቤት የሚሠራም ጠፋ። በኋላ ያረጀ ነው ተብሎ የፈረሰው የእትዬ ቤት ያኔ የተወረሰ ነበር።

ደግሞ እኔም ባለ ተስፋ ነኝ! በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 ባለ አንድ መኝታ ተመዝግቤ በየወሩ 274 ብር ስቆጥብ ኖሬያለሁ። ሐምሌ 2014 ዕጣ ወጣ ተባለ፤ ወዲያው ኮምፒዩተሩ ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ። ኅዳር 2015 እንደገና ሲወጣ ስሜን ብፈልግ የለም። የተመዘገብኩ ሰሞን የተወለደችው የእህቴ ልጅ ዛሬ ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል።

አዋጁ ይቀደድ አልልም። ያለ ምንም ሕግ በአንድ ጀምበር ዕቃው ደጅ የተጣለበትን ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ቤት ሳይሠሩ ዋጋ መቁረጥ እኔንና እትዬን አብሮ ውሸታም አደረገን እንጂ ኪራዩን አላወረደውም። የሚመለከታችሁ ባለሥልጣናት፣ ቆጣሪውን ሁሉ ተቆጣጣሪ አደረጋችሁት፤ ግንበኛውስ የት አለ? ከ2005 ጀምሮ ደጅ የምንጠናውን ቆጣቢዎችስ «ይደርሳችኋል» ወይም «አይደርሳችሁም» ብሎ በግልጽ የሚነግረን ማነው?

እትዬ ሰኞ እመጣለሁ ብለዋል። ስልክ ላይ ድምፃቸው ስለከበደኝ 1 ሺህ ብር ለይቼ አስቀምጫለሁ። በመዝገቡ ላይ ግን አሁንም 5 ሺህ ነኝ።