ከጩኸት ይልቅ አንድ ዓረፍተ ነገር

አንድ አዛውንት መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆመው «ምን አልሽኝ ልጄ?» ሲሉ የሚያገኙት መልስ ያው ቃል ነው፤ በጩኸት። ሦስተኛ ከጠየቁማ «ጆሯቸው አይሰማም» ይባላሉ። እኛ ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የጆሮ አይመስለንም።

ሰው በጆሮው ብቻ አይሰማም። በአሜሪካ ሚለር፣ ሃይስና ሊክተን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1951 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ቃላትን በጫጫታ መሃል ለሰዎች አሰምተው ነበር። ለብቻው ሲነገር የጠፋው ቃል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ በደንብ ተሰማ። ያንኑ ቃል መደጋገም ግን የጠቀመው ጥቂት ነው።

የታክሲ ረዳቱ «መገናኛ መገናኛ!» ሲል ግማሹን ቢውጠውም የምንለየው ፌርማታውንና መስመሩን ስለምናውቅ ነው። ለከተማው እንግዳ ለሆነ ሰው አስር ጊዜ ቢጠራለት ያው ጩኸት ነው።

እናም ወገን፣ «ሰባት! ሰባት!» እያሉ ከማምባረቅ «ለሰባት ቀን፣ ማለትም ለአንድ ሳምንት ይውሰዱት» ማለት ይሻላል። ሰባትን ከሰባ የሚለየው ሳምንቱ እንጂ ጩኸቱ አይደለም። መድኃኒት በስህተት ከሚዋጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብንጨምር ምን ይጎድልብናል?