ስለ መሬት ወሰንና ስለ ቤተ ሰብ ሰላም

የዘመድ ጠብ ከምን ይነሣል ብላችሁ ብትጠይቁን፥ በችሎት ጽሕፈት ስንኖር ያየነው ብዙው ከወሰን ይነሣል ብለን እንመልሳለን።

በጅማ አጠገብ በሰርቦ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴትና የሟቹ ወንድም ስለ ቡና መሬት ተካሰው ነበር። የአባትየው ኑዛዜ «በምሥራቅ ዋንዛው፥ በምዕራብ ወንዙ ያዋስነዋል» ይላል። ነገር ግን ዋንዛው ተቈርጧል፤ ወንዙም ክረምት በመጣ ቍጥር መንገዱን ይለውጣል። ስለዚህ ሁለቱም በቅን እየማሉ ልዩ ልዩ ወሰን ያሳዩ ነበር።

በቀድሞ ዘመን መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ይቈጠር ነበር። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይገመታል፤ ሆኖም መሬቱ ለም ሲሆን ያንሳል፥ ጠፍ ሲሆን ይሰፋል። ይህም ለግብር ይረዳል እንጂ ስፍራውን አጥርቶ አያመለክትም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 456ም የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ ደብተር በሁለቱ ስም እንዲጻፍ አዘዘ። የመጀመሪያው ደብተር አዋሳኞችን በስም ይጠራ ነበር፤ ሁለተኛው ደረጃ ግን ካርታ አለው።

የካርታው ጥበብ እንዲህ ነው። ቀያሾች ዓለምን ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጉ 60 ቀበቶዎች ይከፍሏታል፤ የእያንዳንዱ ስፋት 6 ዲግሪ ነው። ሰርቦ በ37ኛው ውስጥ ትገኛለች። በዚያ ላይ እንደ መረብ መሥመር ይዘረጋሉ፤ ለእያንዳንዱም ማዕዘን ሁለት ቍጥር ይሰጣሉ። አንዱ ወደ ምሥራቅ፥ ሁለተኛው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያለውን ርቀት በሜትር ይናገራል። ዛፍ ቢቈረጥ፥ ወንዝ ቢሸሽ ቍጥሩ አይናወጥም።

ሴትዮዋም ዋንዛው ሳይቈረጥ የተነሣ ካርታ በሣጥኗ ነበራት፤ የሚያነብላት ግን አልነበረም። ቀያሽ ተጠርቶ ማዕዘኑን በቍጥሩ ቢፈልግ፥ የዋንዛው ጕቶ ከሣር ሥር ተገኘ። የሟቹም ወንድም ጕቶውን አይቶ ክሱን ተወ፤ ዳሩ ግን የሁለት ዓመት ቡና ለቃሚ አጥቶ ረግፎ ነበር።

ቍጥርም ቢሆን ብቻውን ባለይዞታን አያሳውቅም፤ ቀያሹ የሚጽፈው ሰዎች ያሳዩትን ማዕዘን ነውና። ስለዚህ መሬት ሲለካ ባልና ሚስት ከጎረቤት ጋር በአንድነት ይቁሙ፤ ወረቀቱንም ለልጆቻቸው ያስነብቡ፤ በየዓመቱም ወሰኑን ይዘው ያዙሯቸው። ተዘግቶበት የሚቀመጥ ካርታ ለምስጥ እንጂ ለወራሽ አይጠቅምም።