ዘላቂ የሕንፃ ንድፍና የድህረ ምረቃ የነፃ ትምህርት ዕድል

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል በሚገኘው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ረጲ አካባቢ በተለምዶ «ቆሼ» እየተባለ በሚጠራው የደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ ሥፍራ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የደረሰው የመደርመስ አደጋ ከ110 በላይ ሰዎችን ሕይወት መቅጠፉ ይታወሳል። አደጋው በክምሩ ጥግ የነበሩ መኖሪያዎችን ከነነዋሪዎቻቸው የቀበረ ሲሆን፣ ቤት የት፣ በምንና እንዴት ይሠራ የሚለው ጥያቄ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን በግልጽ አሳይቷል።

ለዚህ ጥያቄ ምላሽ የሚሰጥ ባለሙያ በማፍራት ረገድ ቀዳሚው ተቋም፣ ከኮልፌ ቀራንዮ ጋር በሚዋሰነው የልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ ወራሽ ነው።

ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ከዙሪኩ የስዊዘርላንድ ፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመተባበር ባለ ሁለት ደረጃ የሙከራ መኖሪያ ቤት በግቢው ውስጥ ሠርቷል። ቤቱ በታመቀ አፈር ግድግዳና በስስ የአፈር ጡብ ቅስት የተገነባ ሲሆን፣ ዓላማውም የሲሚንቶ፣ የብረትና የእንጨት ፍጆታን መቀነስ ነበር። ይሁንና አሠራሩ ከግቢው ወጥቶ የከተማዋ መደበኛ የቤቶች ግንባታ ዘዴ ለመሆን አልበቃም።

በአንፃሩ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት (ጂ.ቲ.ዜድ) ድጋፍ የተጀመረው የዝቅተኛ ወጪ ቤቶች አሠራር፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በቦሌ ገርጂ ከተሞከረ በኋላ በተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም አማካይነት በስፋት ሥራ ላይ ውሏል። የሁለቱ ሙከራዎች ልዩነት አንድ ቁም ነገር ያስገነዝባል። አዲስ የግንባታ ዘዴ የሚስፋፋው መልካም ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ አሠሪ የመንግሥት አካል፣ ደረጃ አውጪና የግንባታ ፈቃድ ሰጪ ባለሙያ ሲቀበሉት ነው።

የድህረ ምረቃ የነፃ ትምህርት ዕድል ፋይዳ መታየት ያለበትም ከዚህ አኳያ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በወጪ መጋራት ሥርዓት ትምህርታቸውን ይከታተላሉ። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ከወጣ በኋላ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የራሱን ገቢ የማመንጨት ኃላፊነት ጭምር ተጥሎበታል። በመሆኑም ድጋፍ ካልተመቻቸ፣ ወጣቱ አርክቴክት የሁለት ዓመት ጥናት ከሚጀምር ይልቅ በቅርብ ወደሚያገኘው ሥራ ማዘንበሉ አይቀርም።

የዚህ ዓይነቱ ዕድል ሩቅ ሊደርስ እንደሚችል የቡርኪና ፋሶ ተወላጁ የፍራንሲስ ኬሬ ተሞክሮ ይመሰክራል። ኬሬ በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ ጀርመን ተጉዞ በበርሊን እየተማረ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በትውልድ መንደሩ በጋንዶ ከሸክላ አፈር ጡብ የተሠራ፣ ጣሪያው ከፍ ብሎ አየር የሚያስተላልፍ ትምህርት ቤት አስገንብቷል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2004 የአጋ ኻን ሽልማትን ያስገኘለት ሲሆን፣ በ2022 ደግሞ የፕሪትዝከር ሽልማትን የተቀዳጀ የመጀመሪያው አፍሪካዊ አርክቴክት ሆኗል።

ስለሆነም ዕድሉን የሚያመቻቹ አካላት ሦስት ጉዳዮችን ሊያጤኑ ይገባል። አንደኛ፣ የመመረቂያ ጥናቱ እንደ ረጲና ዓየር ጤና ባሉ አካባቢዎች የሚታይ ተጨባጭ ችግርን የሚፈታ ቢሆን። ሁለተኛ፣ በክፍለ ከተማና በወረዳ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቶች ለሚሠሩ ባለሙያዎች የተለየ ኮታ ቢያዝ፤ ተመራቂው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲመለስም ባጠናው መስክ ቢመደብ። ሦስተኛ፣ የጥናቶቹ ውጤት ለግንባታ ደረጃ ዝግጅት በግብዓትነት የሚቀርብበት አሠራር ቢዘረጋ።

ከዚህ ውጭ ዕድሉ ለተማሪው የዲግሪ ወረቀት፣ ለቤተ መጻሕፍቱም አንድ ተጨማሪ ጥራዝ ከመሆን አያልፍም። በክረምት ጎርፍና በናዳ ሥጋት ውስጥ የሚኖረው የከተማዋ ነዋሪ የሚጠብቀው ግን ደኅንነቱ የተረጋገጠና አቅሙ የሚፈቅደው ቤት ነው። የነፃ ትምህርት ዕድሉ ስኬትም ሊመዘን የሚገባው በዚሁ ነው።