መልክን መለወጥና ባሕርይን መለወጥ

በየቤታችን ማጀት ነገር ሲለወጥ የማይውልበት ቀን የለም። ዳሩ ግን ለውጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቅቤ በእሳት ቢቀልጥ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይረጋል፤ ጨው በውኃ ቢሟሟ ውኃው ሲተን ጨውነቱ ይገኛል። ይህ መልክን መለወጥ ነው፤ ተማሪዎች አካላዊ ለውጥ ይሉታል። ወተት እርጎ ከሆነ፥ እንጨትም ነዶ አመድና ጢስ ከሆነ በኋላ ግን የቀድሞው ነገር ቀርቶ ሌላ ነገር ተገኝቷል። ይህ ባሕርይን መለወጥ ነው፤ ኬሚካላዊ ለውጥ ይባላል። መመለስና አለመመለስ ብቻውን ምልክት እንዳይመስላችሁ፤ የተሰበረ ገንቦ አይመለስም፥ ገሉ ግን ያው ሸክላ ነው። የሚጠየቀው፥ አሁንም ያው ነገር ነውን? ተብሎ ነው።

ለዚህ ጥያቄ በቤኒሻንጉል የሚገኘው የመንጌ ወርቅ መልካም ምስክር ነው። የዚያ አገር ወርቅ ዝናው ሩቅ ነበረ፤ በ1813 ዓ.ም. የግብፁ መሐመድ ዓሊ ሠራዊቱን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ከፈለጋቸው ነገሮች አንዱ ወርቅ ነበረ። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ከዘመቱ በኋላም የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ ለዳግማዊ ምኒልክ በወርቅ ይገብሩ ነበር።

ወርቅ አጣቢ አሸዋውን በገበቴ ውኃ ውስጥ ሲያዞረው ውኃው አሸዋውን ይወስዳል፥ ወርቁ ከሥር ይቀራል፤ ወርቅ ከውኃ 19 እጥፍ ሲከብድ አሸዋ 3 እጥፍ እንኳ አይሞላምና። እዚህ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፥ መለየት ብቻ ነው። አንጥረኛው በ1064 ዲግሪ ሙቀት ቢያቀልጠውም ወርቅ ወርቅ ነው፤ የአያት ጉትቻ ለልጅ ልጅ ቀለበት የሚሆነው ስለዚህ ነው። ናስን ግን በእሳት ቢያግሉት ከአየር ጋር ተዋሕዶ ይጠቁራል። ወርቅ የሚመስለውም ድንጋይ በመዶሻ ሲመታ ይደቃል፥ ሲግልም የዲን ሽታ ያወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በዓለም ብዙ አገሮች ደቃቅ ወርቅ የሚያወጡ ሰዎች ባዜቃን፥ ማለት ዛሬ ሜርኩሪ የሚባለውን ይጠቀማሉ። ባዜቃው ወርቁን ይዞ እንደ ሊጥ ይሆናል፤ ሊጡ በእሳት ሲግል ባዜቃው ይሄዳል፥ ወርቁ ይቀራል። ያየው ሰው ባዜቃው እንደ እንጨት ነዶ አለቀ ይላል። አልነደደም፤ በ357 ዲግሪ ፈልቶ ተነነ እንጂ። እንፋሎቱ ቀለምም ሽታም የለውም። ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ እንደ ጤዛ ተመልሶ በጣራው፥ በልብሱ፥ በድስቱ ላይ ይቀመጣል፤ የተነፈሱት ሰዎችም በሳንባቸው ይቀበሉታል፥ አንጎልንና ኵላሊትንም ይጎዳል። ከሁሉ ይልቅ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ክፉ ነው። ያው ነገር መሆኑን የሚጠራጠር ቢኖር፥ ሊጡ በተዘጋ የብረት ዕቃ ሲግልና እንፋሎቱ በቧንቧ ወርዶ ሲቀዘቅዝ ይመልከት፤ ባዜቃው እንደ ነበረው ሆኖ ጠብ ጠብ ይላል።

ወደ ወንዝ የገባው ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። በጭቃው ውስጥ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው ሕዋሳት ባሕርዩን ለውጠው ከቀድሞው የከፋ መርዝ ያደርጉታል፤ ይህም ወደ ዓሣ፥ ከዓሣም ወደ ሰው ይተላለፋል። በጃፓን በሚናማታ ከተማ እንደዚሁ ባሕርዩ የተለወጠ ባዜቃ ከፋብሪካ ወደ ባሕር ፈስሶ፥ ዓሣውን የበሉት ሰዎች መታመማቸው በ1948 ዓ.ም. ታወቀ። በ2006 ዓ.ም. መንግሥታት ባዜቃን ለመቀነስ የፈረሙት ውል በዚያች ከተማ ስም ተጠርቷል።

ስለዚህ ወርቅ ባለበት አገር ያለች እመቤት ባዜቃ በማጀቷ እንዲግል አትፍቀድ። ባዜቃ የነካው ብረት ምጣድም ቢታጠብ እንኳ ዳግመኛ ለምግብ አይውልም።