«የፈረንጅ በሽታ ነው» እያልን እስከ መቼ?

ዛሬ ትንሽ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው። ስለ ቆዳ ካንሰር ባነሳሁ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ መልስ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ እሱ እኮ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛን ሜላኒናችን ይጠብቀናል።»

ግማሹ እውነት ነው። ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የፀሐይን ጎጂ ጨረር ይከላከላል፤ የቆዳ ካንሰርም በጥቁር ሰዎች ላይ ከነጮች በጣም ያነሰ ነው። ግን «ያነሰ» የሚለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ «የለም» ሆኖ ይደርሳል። የለም ብሎ ያመነ ሰው ደግሞ ቆዳው ላይ የወጣውን ነገር ችላ ይላል። ለዚህ ነው በጥቁር ሰዎች ላይ በሽታው ብዙ ጊዜ ከተስፋፋ በኋላ የሚገኘው፤ ለማዳንም የሚያስቸግረው።

ቦብ ማርሌይን የማያውቅ የለም። በ1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ የሞተው በሜላኖማ ነው፤ ሜላኖማ ክፉው የቆዳ ካንሰር ነው። የጀመረው በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሲሆን መጀመሪያ ላይ የኳስ ጉዳት መስሎ ነበር። እኛስ? «እሾህ ወግቶኝ ነው»፣ «ጫማ ልጦኝ ነው» እንላለን። በጥቁር ሰዎች ላይ ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፦ ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር። ከውጭ ገጾች ተተርጉሞ የሚለጠፈው «ሰንስክሪን ተቀቡ» የሚል ምክር ለዚህ አይነቱ ምንም አይፈይድም። ውስጥ እግሩን ሰንስክሪን የሚቀባ ማን አለ? (ያው ሱቅ በአንድ መደርደሪያ ሰንስክሪን፣ በሌላው ደግሞ ቆዳ የሚያሳሳ ማቅለያ ክሬም ይሸጣል። የተፈጥሮ መከላከያችሁን አስልጣችሁ ምትኩን ግዙ እንደ ማለት ነው።)

ስለዚህ እግራችሁን ስትታጠቡ ውስጥ እግራችሁን ገልብጣችሁ እዩ። የእናትና የአባታችሁንም እዩላቸው፤ ጎንበስ ብሎ ማየት ይከብዳቸዋል። አዲስ የወጣ ጥቁር ነጥብ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ጠርዙ የተዘበራረቀ፣ ቀለሙ አንድ ወጥ ያልሆነ ወይም የሚደማ ነገር ካያችሁ ለሐኪም አሳዩ። በብዙ ጥፍሮች ላይ ያለ ቀጭን ጥቁር መስመር በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ አትደንግጡ። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ ወጥቶ የሚሰፋ ወይም በጥፍሩ ዙሪያ ወዳለው ቆዳ የሚሻገር ከሆነ ግን አትቆዩ። ከልጅነት ጀምሮ ያለና ያልተለወጠ «ማርያም የሳመችው» ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም።

ሁለተኛው የተረሳ ነገር የቆየ ቁስል ነው። በልጅነት ምድጃ ወይም የፈላ ውሃ ያቃጠለው ቦታ፣ ለዓመታት አልደርቅ ያለ የእግር ቁስል፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ደህና የነበረ ጠባሳ እንደገና ከቆሰለ፣ ካበጠ ወይም መሽተት ከጀመረ ቅጠል አትለጥፉበት፣ በተኩስም አታስተኩሱት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች ጉዳይ ነው። እነዚህ ልጆች ሐበሻ ናቸው፤ ሜላኒን ግን የላቸውም ወይም እጅግ ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ጨረሩ ይበረታል፤ ብርዱና ደመናው ግን ያታልለናል። ጥበቃ ካላገኙ ገና በወጣትነታቸው ፊታቸው፣ ጆሯቸውና አንገታቸው ላይ ካንሰር ሊወጣ ይችላል። ታዲያ ሰልፍ ላይ «ኮፍያህን አውልቅ!» የሚል መምህር ምን እየሠራ እንደሆነ ያውቃል? ርእሰ መምህራን፣ ለእነዚህ ልጆች ሰፊ ኮፍያና እጅጌ ሙሉ ልብስ ፍቀዱ፤ ስፖርቱን በማለዳ አድርጉላቸው፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ከጥላ አታስወጧቸው። የማየት ችግርም ስላለባቸው ፊት ወንበር ይቀመጡ። ለእነሱ ሰንስክሪን መዋቢያ ሳይሆን መድኃኒት ነው፤ ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ውጭ ሲሆኑ በየሁለት ሰዓቱ መቀባት አለባቸው። ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ካልተቻለ ኮፍያና ልብሱ ይቅደም።

ሌሎቻችሁ እናቶች ይህን አንብባችሁ ሕፃን ፀሐይ ማሞቅ እንዳታቆሙ! የጠዋት ፀሐይ ለአጥንታቸው ያስፈልጋል። አልቢኒዝም ላለበት ሕፃን ግን ስለ ቫይታሚን ዲ ሐኪሙን ጠይቁ።

ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ነገር ልበል። ላልዳነ ቁስል ቅባት በቅባት ላይ ማዘዝ ሕክምና አይደለም። ታካሚዎች፣ ከአንድ ወር በላይ ላልዳነ ቁስል ሌላ ቱቦ ሲታዘዝላችሁ «ናሙና ተወስዶ ይመርመርልኝ» በሉ፤ መብታችሁ ነው። ቦታው ደንዝዞ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይወሰድና ወደ ፓቶሎጂ ይላካል፤ በዚያው ቀን ቤታችሁ ትገባላችሁ። «ቢላ ከነካው ይሰራጫል» የሚባለው ውሸት ነው፤ ናሙና መውሰድ የቆዳ ካንሰርን አያሰራጭም። እንዲህ ብሎ የሚያስፈራራችሁ ዘመድ ካለ ይህን ጽሑፍ አስነብቡት።