ሴቷ ቴኒሰኛ ስለ ምን ያነሰ ትሸለም?

የዊምብልደን ውድድር በቴሌቪዥን በሚታይበት ወራት በጓደኞቼ መካከል ከዓመት ዓመት የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም «በትልልቆቹ የቴኒስ ውድድሮች ወንዶች እስከ አምስት ዙር ሲጫወቱ ሴቶች ቢበዛ ሦስት ዙር ነው፤ ታዲያ ስለ ምን እኩል ይሸለማሉ?» የሚል ነው። (ቴኒሰኞች ዙሩን «ሴት» ይሉታል፤ እኔ ግን ከእኅቶቻችን ጋር እንዳይምታታብኝ ዙር ብዬዋለሁ።) ነገሩ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። እኔ ግን አልቀበለውም፤ ምክንያቴንም ለመጽሔታችን አንባቢዎች ላስረዳ።

ሽልማት የቀን ሠራተኛ ደመወዝ አይደለም፤ በሰዓት አይቈጠርም። በሰዓት የሚቈጠር ቢሆን ኖሮ በ2005 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) የዊምብልደን ሒሳብ ተገላብጦ በተገኘ ነበር። በዚያ ዓመት ቬነስ ዊልያምስ ሊንድሴይ ዳቬንፖርትን በፍጻሜው ለማሸነፍ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጀባት። ሮጀር ፌዴረር ግን አንዲ ሮዲክን በተከታታይ ሦስት ዙር ረትቶ ከእርሷ ባነሰ ጊዜ ጨረሰ። ለፌዴረር 630,000 ፓውንድ ተሰጠው፤ ለቬነስ 600,000። ዙር እንቍጠር የሚሉ ወዳጆቼ ለዚህ መልስ የላቸውም።

የአገራችንንም ሯጮች እንመልከት። በ2023 በበርሊን ማራቶን ትግስት አሰፋ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። የወንዶቹ አሸናፊ ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ የገባው በ2 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ነው። ትግስት ከእርሱ 9 ደቂቃ አስበልጣ ሮጣለችና ጭማሪ ይከፈላት ያለ ሰው አልሰማሁም።

ደግሞስ «ሦስት ዙር ይበቃችኋል» ያላቸው ማን ነው? ደንቡን ያወጡት የውድድሩ አዘጋጆች ናቸው። ሴቶቹማ ከ1984 እስከ 1998 በዓመቱ መጨረሻ በሚያደርጉት ሻምፒዮና የፍጻሜውን ጨዋታ እስከ አምስት ዙር ተጫውተውታል።

ይህ እኩልነት በልመና የተገኘ አይደለም። በ1968 ዊምብልደን ለመጀመሪያ ጊዜ ለባለሙያ ተጫዋቾች ሲከፈት አሸናፊው ሮድ ሌቨር 2,000 ፓውንድ ሲያገኝ ወይዘሮ ቢሊ ጂን ኪንግ ያገኙት 750 ነበር። በ1970 እርሳቸውና ሌሎች ስምንት ሴቶች በአሜሪካ በሂውስተን ከተማ በአንድ አንድ ዶላር ውል ፈርመው የራሳቸውን ውድድር ጀመሩ። አንድ ዶላር! ከታላላቆቹ ውድድሮች እንባረራለን ብለው እየሠጉ ነው የፈረሙት። በ1972 ወይዘሮ ኪንግ የአሜሪካ ኦፕንን ሲያሸንፉ 10,000 ዶላር ተሰጣቸው፤ ከወንዶች ያሸነፈው ኢሊ ናስታሴ ግን 25,000 ወሰደ። ወይዘሮ ኪንግም ሽልማቱ እኩል ካልሆነ ተመልሰን አንመጣም አሉ። በ1973 እኩል ሆነ። ዊምብልደን እዚህ ለመድረስ 34 ዓመት ጨምሮ እስከ 2007 ቈየ።

በእኔ አስተያየት ከተቃራኒዎቹ ክርክር ሁሉ ጠንካራው የተመልካች ጉዳይ ነው። «ገንዘቡን የሚያመጣው ተመልካች ነው፤ ተመልካቹም የወንዶችን ያበዛል» ይላሉ። አንዳንድ ዓመት ልክ ነው። ሆኖም በ2001 የአሜሪካ ኦፕን የሴቶች ፍጻሜ ሰው ሁሉ ቴሌቪዥኑን በሚከፍትበት የማታ ሰዓት እንዲተላለፍ የተደረገው ለምጽዋት አልነበረም፤ ተመልካች ስላለው ነው። በአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ደግሞ ወንዶችም ሴቶችም በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሰሞን ስለሚጫወቱ የማን ሳንቲም በማን ምክንያት እንደገባ ለይቶ የሚቈጥር ሒሳብ ሹም መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከአራቱ ውጭ ግን ልዩነቱ አላለቀም። የሴቶች ቴኒስ ማኅበር በ2023 ባወጣው ዕቅድ ከወንዶች ጋር በአንድነት በሚደረጉት ከፍተኛ ውድድሮች እስከ 2027፣ ለብቻ በሚደረጉት እስከ 2033 ሽልማቱን እኩል ለማድረስ አስቧል።

እኛስ? በትምህርት ቤታችን የስፖርት ቀን የወንዶቹ እግር ኳስ አሸናፊዎች ዋንጫ ሲያነሡ የሴቶቹ መረብ ኳስ አሸናፊዎች አንድ አንድ ደርዘን ደብተር ይዘው ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ። የስፖርት ኮሚቴው ይህን ጽሑፍ እንደ ማመልከቻ አድርጎ እንዲቀበለኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የሁለተኛ ዋንጫ ዋጋ ጠይቄአለሁ፤ ከደብተሮቹ ዋጋ እጅግም አይበልጥም።